የግራው በር

ክቡር አቶ ታፈሰ፣ የ«ክብር ጉዞ» ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፤ ክብርት ወይዘሮ እታፈራሁ፣ የስምሪት ኃላፊያችን፤ ክቡራትና ክቡራን፣ መሪ ይዛችሁ ዝም ማለትን የተካናችሁ ባልደረቦቼ፤

ቅዳሜ ለእኛ ሙያ ምን ማለት እንደ ሆነ ከማናችሁም የተሰወረ አይደለም። ሙሽሮች ጥቁር መኪና በሚሻሙበት፣ ስልካችን ከጧት ጀምሮ በማያርፍበት በዚህ ቀን፣ ያውም በቀትር፣ ሰባቱንም መኪኖች ከሥራ አስወጥታችሁ፣ አጥባችሁና አሳምራችሁ፣ በዚህ በካምፓላ፣ በካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ግቢ እንደ ሰልፈኛ ደርድራችሁ፣ ለአንድ አሮጌ ሾፌር ስንብት ማዕድ ስለ ቆረሳችሁ ምስጋናዬ ከቃላቴ በላይ ነው፤ ቃላቴም፣ እንደምታውቁት፣ ጥቂት አይደሉም።

የምግብ ቤቱ ዘበኛ ይህን ሁሉ መኪና ባየ ጊዜ ደንግጦ ወደ እኔ መጣና፣ «ሙሽሪት የታለች?» ሲል ጠየቀኝ። «እኔ ነኝ» አልሁት። ከራስ ጠጉሬ እስከ ጫማዬ አየኝና፣ «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ይግቡ» አለኝ።

እታፈራሁ ትናንት ደውላ፣ «ጋሼ፣ ንግግርዎ ከአምስት ደቂቃ እንዳያልፍ አደራ» አለችኝ። «ይበቃል ብለሽ ነው?» ብላት፣ «ለሌላ ሰው ይበቃል፤ ለእርስዎ ሰላምታውን ያጋምሳል» አለች። እነሆ ሰላምታው ተጋምሷል።

ይህች ሴት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በስልክ ስታሰማራኝ ኖራለች። «ጋሼ፣ የት ደረሱ?» ስትለኝ፣ እኔ «ከቤቴ ደጅ እስከ እንግዳችን ደጅ ያለውን ርቀት በልቡናዬ ስመዝነውና ጃም የሚሉትን የዚህን ከተማ የመኪና መጨናነቅ ጠባይ ሳስብ…» ብዬ ስጀምር፣ «ገባኝ፤ ገና የጫማዎን ክር እያሰሩ ነው» ብላ ትዘጋብኛለች። ከዚህም የተነሣ ሕግ አወጣችብኝ፤ ሕጉ በስምሪት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ባይለጠፍም በሁላችሁ አፍ ላይ ያለ ነው፦ «ጋሼ ኃይለመስቀል ሲያሳጥሩ እውነት ነው፤ ሲያስረዝሙ የሸፈኑት ነገር አለ።»

ስም ማጥፋት ነው እያልሁ ለዓመታት ተከራክሬያለሁ። ዛሬ ግን የስንብት ቀን በመሆኑ፣ ሕጓ ትክክል እንደ ሆነ በማስረጃ ላጸናላት ቆርጬ መጥቻለሁ።

ማስረጃ አንድ። አቶ ታፈሰ በማስታወቂያ ወረቀታችን ላይ፣ «ውቢቱን የባሕር ዳርቻ ከተማ ካምፓላን በክብር መኪና ይጎብኙ» ብለው ያሳተሙበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ከሞምባሳ የመጡ አንድ ባለጸጋ ከኤንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበላቸው ገና ከመቀመጣቸው፣ «ባሕሩ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። «አሠሪዬ ትንሽ አጋንነውት ነው» ማለት ስችል፣ የቀደሙ አባቶቻችን ሐይቁንም ውቅያኖሱንም በአንድ ስም ይጠሩት እንደ ነበር፣ ስምም ከመጠን ይልቅ በተመልካቹ ልብ የሚለካ እንደ ሆነ፣ ከኤንቴቤ መንገድ ጀምሬ ጋባ ሐይቅ ዳር እስክንደርስ ሳስረዳቸው ቆየሁ። ሰውየው ወርደው ውኃውን አዩና፣ «ጨው አለው?» አሉ። «ጨው ከወደዱ ጌታዬ፣ እዚህ የሚጠበሰው ዓሣ ላይ እናስጨምርልዎታለን» አልሁ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ሳቁ፤ ዓሣውንም ሁለት በሉ።

ማስረጃ ሁለት ግን ከዚህ ይከብዳል፤ እስከ ዛሬም ለማንም አልነገርሁትም።

ወደዚህ ከተማ ስመጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሰዋስው ያስተማርሁ፣ መንዳትንም የጭነት መኪና ነጂ ከነበረ ታላቅ ወንድሜ የተማርሁ ሰው ነበርሁ። በአገሬ የመኪና መሪ በግራ ነው፤ እዚህ በቀኝ ነው። ይህን አላውቅም ነበርን? አውቃለሁ። እግሬ ግን አያውቅም ነበር።

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አቶ ታፈሰ በረንዳ ላይ ቆመው ይመለከቱኛል። አዲስ ሱፍ ለብሼ፣ ነጭ ጓንት አጥልቄ፣ ደረጃውን እንደ ጳጳስ ወርጄ፣ የግራውን በር ከፍቼ በክብር ተቀመጥሁና በሩን ዘጋሁ። ልጨብጥ እጄን ዘረጋሁ። መሪ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይወርዳል። እኔ ከኪሴ መሐረብ አወጣሁና ዳሽቦርዱን መወልወል ጀመርሁ። ወለወልሁ፤ መስታወቱንም ጨመርሁ፤ ከዚያ በዝግታ ወረድሁና በመኪናይቱ ኋላ ዞሬ፣ ጎማውን በጫማዬ ጫፍ ነካ ነካ አድርጌ፣ ለመብራቶቹ ጎንበስ ብዬ፣ በሮቹን በእጄ ዳብሼ፣ በቀኝ በኩል ገባሁ። አቶ ታፈሰ ከበረንዳው ላይ፣ «እንዲህ ያለ ሾፌር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም!» ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነው፤ አይተው አያውቁም።

እግሬ እስኪለምድ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በግራ እየገባሁ፣ እየወለወልሁ፣ እየዞርሁ፣ በቀኝ ገባሁ። በአራተኛው ሳምንት አቶ ታፈሰ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ደንብ አወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ መኪና የሚረከብ ሁሉ እንደ አቶ ኃይለመስቀል ሙሉ ዙር ይዞራል። ዞሮ ካየ በኋላ ‹ተረክቤያለሁ› ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚገኝ ጉድለት የተረካቢው ነው።»

አቶ ታፈሰ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኛ የምንኮራበት፣ ሌሎች የኪራይ መኪና ድርጅቶች የቀኑበት፣ «የክብር ዙር» እየተባለ ለደንበኛ የሚተረክለት ሥርዓታችን፣ መሪ የጠፋበት ሰው ኀፍረቱን ሲሸፍን የወለደው ነው።

ሳቁ፣ ሳቁ። ሳቃችሁን እወደዋለሁ፤ ጥቂት ቆይቶም ያስፈልገኛል።

ሲቲና ከሁላችሁ አብልጣ ስትስቅ አያለሁ፤ እንግዲያው የእርስዋንም ልናገር። ሲቲና የዚህ ከተማ ተወላጅ ናት፤ ሙያውን ስትለማመድ ስድስት ወር አጠገቤ ተቀምጣለችና አማርኛዋን የወሰደችው ከእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ባለ ቦዳ፣ ያ ሰው በኪራይ የሚያመላልሰው ሞተረኛ፣ ሞተሩን አጋድሞ መንገድ ሲዘጋባት መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ጌታዬ ሆይ፣ በፈቃድዎ ጥቂት ፈቀቅ ይበሉልኝ» ትለዋለች። ሰውየው አንዲት ቃል አይገባውም፤ ነገር ግን ከባድ እርግማን ይመስለውና ይሸሻል።

ከበሩ አጠገብ፣ ከኋላው ጠረጴዛ ጥግ የተቀመጠው ደግሞ አማኑ ነው። አማኑ፣ ወደ ፊት ቅረብ ብልህ እንደማትቀርብ ስለማውቅ እዚያው ሁን። ይህ ሰው በሰባት ዓመት አገልግሎቱ ሮሌክስ፣ ያ በቻፓቲ የሚጠቀለለው እንቁላል፣ ከዋንዴገያ ሳይገዛ የዋለበትን ቀን አላስታውስም፤ አንድ ጊዜ ታዲያ በዝናብ ከመኪናው ውጪ ቆሞ ሲበላ አገኘሁትና፣ «አንተ ሰው፣ ግባና ብላ እንጂ!» ብለው፣ «ጋሼ፣ መኪና ውስጥ አይበላም ይላል ደንቡ፤ ደግሞ እኔ ብወርድም ሽንኩርቱ አይወርድም» አለኝ። ሱፉ በስብሶ፣ ሮሌክሱ በስብሶ፣ መኪናይቱ ግን እንደ ቅብዓ ቅዱስ ዕቃ ንጹሕ ነበረች።

አማኑ በነዚህ ሰባት ዓመታት ያፈረሰው ደንብ አንድ ብቻ ነው። የትኛውን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ነገሩ ከሆነ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። «እመቤት» የምንላትን፣ ከሰባቱ ታላቂቱን፣ ጥቁሯን መኪና በዚያ ቀን ጧት የያዝሁ እኔ ነበርሁ፤ ቀትር ላይ ተመልሼ፣ የሠርግ ታዳሚዎችን ሊወስድ ለተሰማራው ለአማኑ ቁልፉን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ጎንበስም አለ። አልዞረም። ሲቲና ከወዲያ ሆና፣ «አማኑ፣ ዙር እንጂ!» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የመለሰላትንም ሰምቻለሁ። «ከጋሼ እጅ የተቀበልኩትን? ልጠራጠራቸው እንዴ?» አላት።

እኛ እንዲህ ነን። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ዞሮ አይቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል፤ ሰጪውም አይቀየምም። እኛ ግን ታላቅ ሰው የሰጠንን ገልብጦ ማየትን ከስድብ እንቆጥረዋለን፤ ዓይናችንን ጨፍነን በመቀበላችንም ጨዋ የተባልን ይመስለናል። «ልጄ፣ ደንብ ነውና ዙር» ማለት የእኔ ፋንታ ነበር። አላልሁም። አክብሮቱ ጣመኝ።

በዘጠኝ ሰዓት እመቤት ስትመለስ በግራው የኋላ በር ላይ ክንድ የሚያህል ጭረት ተገኘ። አቶ ታፈሰ ሁላችንንም በግቢው አቆሙን። «ማን ተረከባት?» «እኔ» አለ አማኑ። «ዞርክ ወይ?» «አልዞርኩም» አለ። ለምን እንዳልዞረ አልተናገረም፤ ከማን እጅ እንደ ተቀበለም ስም አላነሣም። አቶ ታፈሰም በደንቡ ፈረዱ፦ «እንግዲያው ጭረቱ ያንተ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አማኑ ሱፉን ሰቅሎ፣ የእንግዶቻችንን ሻንጣ ከኋላ ከኋላ በምታመጣው ቫን ላይ ዋለ። አንድ ቀን ቅር ብሎት አላየሁትም፤ እንዲያውም ሻንጣዎቹን ሲጭን ዙሪያቸውን ያያል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ዓረፍተ ነገሬ እየረዘመ እንደ ሄደ ይሰማኛል። እታፈራሁ ሰዓቷን ማየት ትታ እኔን ማየት ጀምራለች። ሕጓን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ላሳጥር።

እመቤትን የጫርኋት እኔ ነኝ።

አዎን። እኔ።

ቆይ፣ አማኑ፣ ተቀመጥ። ምን አልህ? «አልፏል፣ ይተዉት ጋሼ» ነው ያልኸው? በእኔ በኩል አላለፈም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ቫኗን ከኋላዬ ስታስከትል በመስታወት ሳይህ ኖሬያለሁ፤ መስታወት ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ከኋላ ያለውን ሁሉ ያቀርባል።

በዚያ ቀን ጧት ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ ከሚኖሩት ደንበኛችን፣ ጡረታ ከወጡት ዳኛ ግቢ ስወጣ፣ ከግራ በኩል፣ ቅርፊት እንደሚላጥ ያለ ድምፅ ተሰማ። ዳኛዋ እንደ ወትሮው በግራ የኋላ ወንበር ላይ ነበሩ፤ ድምፁ ከክንዳቸው ሥር ነው ያለፈው። «ሙዜ፣ የእኔ አጥር ምን በደለዎት?» አሉኝ፤ ሽማግሌ መሆኔን አክብረው እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። እኔም የዝናቡ ወራት የአትክልቱን ቅርንጫፍ እንዴት ወደ መንገድ እንዳወጣው የሚገልጥ፣ ሦስት ጊዜ የሚታጠፍ ዓረፍተ ነገር ሰጠኋቸው። ወርጄ አላየሁም። ካየሁ አውቃለሁ፤ ካወቅሁ ልናገር ነው። በሦስተኛው ቀን ዳኛዋን ልወስድ ስመለስ ግን የበሩ ምሰሶ ቆሞ ጠበቀኝ፤ በወገቡ ላይ የእመቤት ጥቁር ቀለም ነበረበት።

ለምን ዝም አልሁ? የግራ ዓይኔ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ጠርዙ እየጠበበ ነበር፤ ሐኪምም ነግሮኝ ነበር። ስለ ጭረቱ ብናገር ስለ ምሰሶው እጠየቃለሁ፤ ስለ ምሰሶው ብጠየቅ ስለ ዓይኔ፤ ስለ ዓይኔ ስጠየቅ ቁልፉን አስረክባለሁ። እኔ ደግሞ ከመሪ ጋር ሳልሆን ማን እንደ ሆንሁ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ዓይኔን ለመሸፈን የዚህን ሰው ስም ሸፈንሁበት። የማታ ጉዞ ተውሁ፣ ጉልበቴን አመካኘሁ፤ አነዳዴንም አዘገየሁ። እናንተ ለአዳዲስ ሾፌሮች «የጋሼ የክብር አነዳድ» እያላችሁ የምታስተምሩት ያ ዝግታ፣ እመኑኝ፣ እኩሌታው ፍርሃት ነበር። ሰው በጭረት ብቻ መትረፉ የእኔ ብልሃት አይደለም፤ የፈጣሪ ምሕረት ነው።

የባሰውንም ልንገራችሁ፤ ተጀምሮ አይቀርምና።

አማኑ ናፍቆትን ሊያገባ ባሰበ ጊዜ ሽማግሌ ሁነው ይሂዱልኝ ብሎ የለመነው ማንን ነው? እኔን ነው። የናፍቆት አባት አቶ ልደቱ፣ በዋንዴገያ ማተሚያ ቤት ያላቸው፣ ቃል አብዝተው የማይናገሩ ሰው ናቸው። አስቀመጡን፤ ለስላሳ አቀረቡልን፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ልጁ መኪና አበላሽቶ፣ ከክብር መኪና ወደ ሻንጣ መኪና ወርዷል ይላሉ። እርስዎ አብረውት ይሠራሉ። እውነት ነው?»

ሁለት ፊደል፣ «አይ» ማለት ብቻ፣ የሚበቃት ጥያቄ ነበረች። እኔ ግን ስለ ሰው ልጅ ድካምና ስለ ወጣትነት፣ ስለ ብረት ጠባይና ስለ ከተማይቱ መንገዶች ጥበት፣ ጀምሬ የማልጨርሰው የሚመስል ዓረፍተ ነገር ጀመርሁ፤ ስጨርሰውም ለስላሳው ሞቆ ነበር። አቶ ልደቱ እስከ መጨረሻው ታገሡኝና፣ «እንግዲህ አልካዱም» አሉ። «እስኪጣራ እንቆይ።» ያን ጊዜ ነው ሽምግልናው የቆመው፤ እስከ ዛሬም ቆሟል።

ከደጁ ስንወጣ አማኑ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ስለ እኔ ብዙ ተናገሩ» አለኝ።

አሳፋሪውን አላስተባብልም። ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት፣ በመጨረሻው ጉዟችን፣ ለዳኛዋ ነገርኋቸው። «ልጁ አሁን የት ነው?» አሉኝ። «ሻንጣ ይጭናል» አልሁ። ከኮረብታው ወርደን ከተማ ገባን። ሲወርዱ በሩን እንድከፍትላቸው አልጠበቁም፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ከፈቱትና ጎንበስ ብለው፣ «ሙዜ፣ ያልተጠራ ምስክር አይመሰክርም፤ እኔን የጠራኝ የለም። እርስዎ ግን ማን እስኪጠራዎት ነው የሚጠብቁት?» አሉኝ።

አቶ ታፈሰ፣ መነሣትዎን አያለሁ፤ ቁጣዎም ተገቢ ነው። ሰኞ ጧት ወደ ቢሮዎ መጥቼ፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ፣ ቆሜ እቀበለዋለሁ። ይህን ለብቻዎ ልነግርዎት እችል ነበር፤ ያሰብሁትም እንዲያ ነበር። ነገር ግን በአማኑ ላይ የተፈረደው በግቢ፣ በሁላችን ፊት ነው፤ በሹክሹክታ የሚነሣ አይደለም። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ያን ቀን በአደባባይ «ጭረቱ ያንተ ነው» ያሉትን ሰው፣ ዛሬ በአደባባይ የሚገባውን ይበሉት። ስለ እኔ የሚሉትን ለሰኞ ያቆዩት።

…

ሰማችሁ? ከኋላ ያላችሁ፣ ሰማችሁ ወይ? «ያንተ አልነበረም። ከሰኞ ጀምሮ እመቤትን ያዛት» አሉ። አመሰግናለሁ፣ አቶ ታፈሰ። አጭር ነው፤ እታፈራሁ፣ በሕግሽ መሠረት እውነት ነው ማለት ነው።

አማኑ፣ አንተን ይቅርታ እለምንሃለሁ፤ አሁን መልስ አትስጠኝ። ታላቅ ስለ ሆንሁ ብቻ ቸኩለህ ይቅር ካልኸኝ፣ ዳግመኛ ሳትዞር ተረከብኸኝ ማለት ነው። ውሰድ፤ አይተህ፣ መዝነህ፣ ስትፈልግ መልስልኝ። ያን ቀን በግቢ ቆመህ ስሜን ያላነሣኸው ጠርጥረህኝ ነው ወይስ ሳትጠረጥረኝ፣ ይህንንም አልጠይቅህም፤ የትኛውም መልስ ከአንተ ይልቅ እኔን ያሳንሰኛል።

ነገ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ወደ አቶ ልደቱ ቤት እሄዳለሁ። ያልተጠራ ሽማግሌ፣ ባለ አምስት ቃል ዓረፍተ ነገር ይዞ። ከዚህ ጀምሬ እያጠናሁት ነው፦ «ጫሪው እኔ ነኝ፤ ልጁ ንጹሕ ነው።» እታፈራሁ፣ በጣትሽ አትቁጠሪብኝ፤ ስድስት ከሆነም ይቅር በይኝ፤ በዚህ ዕድሜ ከዚህ በላይ ማሳጠር ሕመም ያመጣል። ናፍቆትም ከመጋረጃው ኋላ ሆና ትሰማኛለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ባለፈው ጊዜም እዚያው ነበረች፣ እግሯን አይቻለሁ። በቀኝ ዓይኔ።

አሁን ልመርቃችሁ፤ ይህንንስ ማንም አያሳጥርብኝም።

አቶ ታፈሰ፣ ከማያውቁት ጉድለት ሥርዓት የሠሩ ሰው ነዎትና፣ ካወቁት ጉድለት የበለጠውን ይሥሩበት፤ ቤትዎ አይጉደል፤ ከሞምባሳ የሚመጣ ሁሉ ሐይቃችንን ባሕር ብሎ ይመንልዎት። እታፈራሁ፣ በስልክ የምትጠሪው ሁሉ በመጀመሪያው ጥሪ ያንሣልሽ፤ «ደርሻለሁ» የሚልሽም የደረሰ ይሁን። ሲቲና፣ መንገድ ይልቀቁልሽ፤ በማናቸውም ቋንቋ። የቀራችሁም ሁሉ፣ ጃም ሲይዛችሁ ትዕግሥት፣ ዝናብ ሲይዛችሁ ጥሩ ጎማ፣ እንግዳ ሲያስቀይማችሁ አጭር ትዝታ ይስጣችሁ። ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ። ጠርዙ መጥበብ ሲጀምር ደግሞ፣ ከእኔ ቀድማችሁ የምትናገሩበትን ድፍረት ይስጣችሁ። በግራም በቀኝም የሚጠብቃችሁ አይጥፋ።

ይህ የእመቤት ቁልፍ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ኪሴ ሲቀመጥ ሱፉን ቀድዶታል፤ ተመልከቱ።

አይ አማኑ፣ እጅህን አትዘርጋ፣ ሁለቱንም። ገና ነው። መጀመሪያ ሁላችንም ወደ ግቢው እንወጣለን። ከግራው በር ጀምረህ ትዞራለህ፤ ጎንበስ ብለህ፣ በጣትህ ዳስሰህ፣ እኔ አጠገብህ ቆሜ እያየሁህ። እኔን አትፈር። ያልወደድኸው ነገር ካለ በስሜ ጠርተህ ንገረኝ።

ከዚያ በኋላ «ተረክቤያለሁ» በለኝ፤ እኔም ያን ጊዜ እሰናበታለሁ።